ምጽዋ ያልደረሰችው መርከብ

ከፖርት ሱዳን ወደብ በጀልባ ጥቂት እንደተጓዙ ዊንጌት የሚባል የኮራል ሪፍ ይገኛል። ባሕሩ ጸጥ ባለ ቀን እዚያ ቦታ ላይ የተቆለመሙ የብረት ክንዶች ከውሃው ገጽ ጋር ሊተካከሉ ምንም ሳይቀራቸው ይታያሉ። በደጉ ዘመን የነፍስ አድን ጀልባዎች ይንጠለጠሉባቸው የነበሩ ማንሻዎች ናቸው። ከሥራቸው ከ150 ሜትር በላይ ርዝመት ያላት መርከብ በግራ ጎኗ ተጋድማለች። ላይኛው ጎኗ ዋና የሚችል ሁሉ ሊነካው የሚደርስበት ነው፤ ታችኛው ጎኗ ግን 38 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ አሸዋ ተንተርሷል። ስሟ ኡምብሪያ ነው፤ የጣሊያን መርከብ ነበረች።

በጦርነት ጊዜ የሰጠሙ መርከቦች ከስኩባ ጠላቂዎች ጉዞ ውስጥ ትልቁን ቦታ ይይዛሉ። ገንዘብ ያለውና ባሕር የሚወድ ሰው ግሪክ ሄዶ፣ ግብፅ ሄዶ፣ ፓስፊክ ደሴቶች ድረስ ዘልቆ የብረት ሬሳ ያያል። ኡምብሪያን ከብዙዎቹ የሚለያት ሆዷ ነው። ከ80 ዓመት በላይ ውሃ ውስጥ ከርማም ጭነቷ ዛሬም እንደተደረደረ አለ፤ ወደ 360,000 የሚጠጉ የአውሮፕላን ቦምቦች። አብዛኛው ጭነቷ ሊራገፍ የነበረው ምጽዋ ላይ ነው። ከምጽዋ በኋላ ደግሞ ቦምቦቹ ወዴት ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም። ስለዚህ የባሕር በር በሌለው አገር ተቀምጦ ስለዚህች መርከብ መጻፍ ነውር የለበትም፤ የታሪኳ አንዱ ጫፍ እኛው ዘንድ ነው።

ኡምብሪያ በ1911 (ዓመተ ምሕረቱ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጀርመን አገር ሃምቡርግ ውስጥ ስትሠራ ስሟ ሌላ ነበር፤ ባሂያ ብላንካ ትባል ነበር። ሥራዋም ሰላማዊ ነበር፤ በአውሮፓና በደቡብ አሜሪካ መካከል ሰውና ዕቃ ታመላልሳለች። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አርጀንቲና ላይ አስቀራት፤ በኋላም የአርጀንቲና መንግሥት ንብረት ሆነች። በ1935 የጣሊያን መንግሥት ገዝቶ ኡምብሪያ አላት። ዓመቱን ልብ ይሏል። በዚያው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 22 ቀን 1928፣ የፋሺስት ጦር መረብን ተሻገረ። ሙሶሊኒ ጦሩን፣ በቅሎውን፣ ሲሚንቶውንና ጥይቱን በስዊዝ ቦይ አድርጎ ወደ ምጽዋ ለማጓጓዝ ያገኘውን መርከብ ሁሉ ይሰበስብ ነበር፤ ከ2,000 በላይ ሰው የምትጭነው አሮጊቷ ኡምብሪያም ወታደር አመላላሽ ሆነች። እንግዲህ ይህች መርከብ ለእኛ ባዕድ አይደለችም ማለት ነው። የመጨረሻ ጉዞዋን ከመጓዟ በፊትም ታውቀናለች።

የመጨረሻው ጉዞ የተጀመረው በግንቦት 1940 ነው። ከጣሊያን ወደቦች ቦምቡን፣ ለብቻቸው በ60 ሳጥን የታሸጉ ዲቶኔተሮችን፣ ሲሚንቶና ሌላ የግንባታ ዕቃ፣ ጠርሙስ፣ ሦስት ፊያት 1100 መኪኖችንም ጫነች። ፈረንሳይ በሂትለር ጦር እየተሰባበረች ነበር፤ ሙሶሊኒ በየትኛው ቀን ወደ ጦርነቱ እንደሚገባ እንጂ መግባቱን የሚጠራጠር አልነበረም። ነገር ግን ጣሊያን ገና ገለልተኛ አገር ነበረች፤ ስዊዝንም የገለልተኛ አገር መርከብ እንዳያልፍበት መዝጋት አይቻልም። እንግሊዞች መርከቢቱ ምን እንደያዘች ያውቃሉ፤ ምጽዋ ከደረሰች ቦምቡ በማን ላይ እንደሚወርድም ያውቃሉ። ምን አደረጉ? እኛ ከማንም በላይ የምናውቀውን ዘዴ ተጠቀሙ፤ አጉላሏት።

ሰኔ 3 ቀን ፖርት ሰኢድ ደርሳ የድንጋይ ከሰል ስትጭንና ውሃ ስትቀዳ ፍተሻ፣ ወረቀት፣ ጥያቄ፣ እንደገና ፍተሻ ሆነ። ከሦስት ቀን በኋላ ተለቀቀች። ቀይ ባሕር ውስጥ ግን ግሪምስቢ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተከተለቻት፤ የተከለከለ ዕቃ እፈትሻለሁ ብላም ፖርት ሱዳን አጠገብ፣ ዊንጌት ሪፍ ዘንድ መልሕቅ አስጣለቻት። ቀጥሎ ሊያንደር የተባለችው ክሩዘር መጣች፤ ባሕርተኞቿም ኡምብሪያ ላይ ወጥተው መፈተሽ ጀመሩ። ምንም አላገኙም ማለት አይቻልም፤ ሁሉንም ያገኙት ገና ሳይጀምሩ ነው። የሚፈልጉት ጊዜ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ቶን ቦምብ «ነገ ተመለሱ» በሚል ቢሮክራሲ ተይዞ ከምጽዋ ደጃፍ ሲቀር፣ በቢሮ በር ላይ ጊዜያችንን የፈጀን ሁላችን አንዴ እንኳ ፈገግ ብንል የሚነቅፈን ያለ አይመስለኝም።

ሰኔ 10 ቀን 1940፣ በእኛ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም.፣ የመርከቧ አዛዥ ካፒቴን ሎሬንሶ ሙዬዛን በክፍሉ በነበረው ሬዲዮ ጣሊያን ጦርነት ማወጇን ሰማ። ጦርነቱ የሚጀምረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። መርከቧ ላይ ካሉት እንግሊዞች መካከል ዜናውን የሰማ የለም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ኡምብሪያ ከነጭነቷ የእንግሊዝ ምርኮ ትሆናለች፤ ካፒቴኑ ያለው ጊዜ እስከዚያ ብቻ ነው። ምስጢራዊ ሰነዶችን አጠፋ። ከዚያ የእንግሊዙን መኮንን «ሠራተኞቼን የነፍስ አድን ልምምድ ላሠራ ነው» አለው። ሰዎቹ በሥርዓት ወደ ጀልባ ሲወርዱ፣ ከታች ደግሞ የቀሩት ውሃ ማስገቢያ ቫልቮቹን ከፈቱ። እንግሊዞቹ ነገሩ ሲገባቸው መርከቧ ማዘንበል ጀምራ ነበር፤ እነሱም ጀልባ ላይ ከመውረድ በቀር ምርጫ አልነበራቸውም። ማንም አልሞተም። ጣሊያኖቹ ተይዘው ወደ ህንድ ተላኩና የጦርነቱን ዓመታት እዚያ በእስር አሳለፉ።

ካፒቴኑ መርከቧን በማስጠሙ ኢትዮጵያን ከቦምብ አዳናት ብሎ መጻፍ ያጓጓል። እውነቱ ግን ያ አይደለም። እሱ ባያስጠማት ኖሮ እንግሊዞች ይወርሷት ነበር፤ በሁለቱም መንገድ ቦምቡ ምጽዋ አይደርስም። ምጽዋ እንዳይደርስ ያደረገው የእነዚያ ጥቂት ቀናት ማጉላላት ነው። ጦርነቱ ከታወጀ በኋላ ስዊዝ ለጣሊያን ተዘጋ፤ ምሥራቅ አፍሪካ ያለው፣ በዱክ ዳኦስታ የሚመራው የጣሊያን ጦርም ከእናት አገሩ በባሕር ተቆረጠ። በሚቀጥለው ወር አፄ ኃይለ ሥላሴ ካርቱም ገቡ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። ምጽዋ በሚያዝያ 1941 ስትያዝ ጣሊያኖች ወደቡ ውስጥ የነበሩ መርከቦቻቸውን በደርዘን እየቆጠሩ ራሳቸው አሰጠሙ። በ1942 ኤድዋርድ ኤልስበርግ የሚባል አሜሪካዊ የባሕር ኃይል መሐንዲስ በምጽዋ ሐሩር ውስጥ ከጠላቂዎች ጋር እየዋለ ብዙዎቹን አንሥቷል። ኡምብሪያን ግን የሚያነሣት አልተገኘም። ሆዷ ውስጥ ባለው ጭነት ምክንያት የሚደፍርም አልነበረም።

የመጀመሪያው ታዋቂ ደፋር የመጣው በ1949 ነው። ሃንስ ሃስ የቪየና ተወላጅ፣ የባሕር ሥነ ሕይወት ተመራማሪና ፊልም ሠሪ ነበር። ፖርት ሱዳን ብቻውን ደርሶ ወደ መርከቢቱ ወረደ። በዚያ ወቅት ቦምቦቹ ቢፈነዱ የከተማው ግማሽ ይወድማል የሚል ስጋት ነበርና ሰዎች መርከቢቱ እንዳትነካ ይፈልጉ ነበር። ሃስ የሚጠቀመው የዛሬውን ዓይነት የታመቀ አየር አልነበረም፤ ንጹሕ ኦክስጅን የሚያዘዋውር መሣሪያ ነበረው። የተነፈሰው አየር ተጣርቶ ተመልሶ ስለሚመጣለት አረፋ አይወጣውም፤ ዓሣዎቹም አይደነግጡም። ችግሩ ንጹሕ ኦክስጅን ከጥቂት ሜትር በታች መርዝ መሆኑ ነው። ዛሬ ያንን መሣሪያ ይዞ ሃስ በደረሰበት ልክ የሚወርድ ሰው ቢገኝ አስተማሪው በጥፊ ይለዋል። ሃስ በዓመቱ ኋላ ባለቤቱ ከሆነችው ከሎተ ጋር ተመልሶ ስለ ቀይ ባሕር የሠራው ፊልም በ1951 ቬኒስ ላይ ተሸለመ። የኡምብሪያ ዝናም ከዚያ ወዲህ የጠላቂዎች ሆነ።

አሁን ወደ ውሃው እንግባ።

ጠላቂው ጀልባ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጭምብሉን በአንድ እጁ ይዞ ወደ ኋላው ይገለበጣል። ጀርባው ላይ ያለው ሲሊንደር በተለምዶ 12 ሊትር ሲሆን 200 ባር ተጨምቆ ተሞልቷል፤ ይህም 2,400 ሊትር አየር ማለት ነው። መሬት ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። ውሃ ውስጥ ግን እያንዳንዱ 10 ሜትር አንድ ከባቢ አየር የሚያህል ጫና ይጨምራል። ኡምብሪያ ጥግ ድረስ፣ 38 ሜትር ላይ፣ ጫናው ከውሃው ገጽ ወደ 5 እጥፍ ይጠጋል፤ አየር የሚያቀብለው ሬጉሌተርም በዚያው ጫና ልክ ስለሚሰጥ ያ ሁለት ሰዓት 25 ደቂቃ ይሆናል። መመለሻ ሲቀነስለት ደግሞ ምን እንደሚተርፍ አስቡት።

አየሩ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ አራት አምስተኛው ገደማ ናይትሮጅን ነው። መሬት ላይ ምንም አያደርገንም፤ ጫና ሲበዛ ግን ደማችንና ሥጋችን ውስጥ ይሟሟል። ከ30 ሜትር ወዲያ ብዙ ሰው ይሰክራል፤ በእውነት ይሰክራል። አንዱ ሳቅ ሳቅ ይለዋል፣ ሌላው የእጅ ሰዓቱን አይቶ ምን እንዳየ ይረሳል። የጠጅ ስካር ወደ ቤት ሲመለሱ ያልፋል፤ ይኼኛው ጥቂት ሜትር ከፍ ሲሉ ያልፋል፤ ግን ከፍ ማለት እንዳለበት የሚያስታውሰው ያው የሰከረው ጭንቅላት ነው። ሁለተኛው ችግር ሲወጡ ይመጣል። አምቦ ውሃ ክዳኑ ሳይከፈት ጸጥ ያለ ነው፤ ሲከፈት ጫናው ይለቅና ጋዙ በአረፋ ይፈነቅላል። የጠላቂ ሰውነትም እንዲሁ ነው። ጠርሙሱን ቀስ ብለው ከከፈቱት አረፋው እየተንፏቀቀ ይወጣል፤ ጠላቂም በደቂቃ ከ9 ሜትር ያልበለጠ ቀስ እያለ ወጥቶ 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ያህል ይቆማል። የተጣደፈ ሰው መገጣጠሚያው ውስጥ፣ ሲብስም አከርካሪው ውስጥ አረፋ ይፈጠርበታል። ከኡምብሪያ ጥግ ሳይቆሙ በቀጥታ መውጣት የሚቻለው እዚያ ከ10 ደቂቃ ብዙም ያልቆየ ሰው ነው። የመዝናኛ ጠላቂዎች ማሠልጠኛዎች ወሰን 40 ሜትር ነው፤ መርከቢቱ ከዚያ ወሰን ሁለት ሜትር ብቻ ሲቀራት ቆማለች ማለት ይቻላል። ኦክስጅኑ ወደ 32 በመቶ ከፍ የተደረገ አየር ናይትሮጅኑን ቢቀንስም 34 ሜትር ላይ ራሱ ኦክስጅኑ አደገኛ ይሆናል፤ ስለዚህ እሱን የያዘ ጠላቂ የመርከቢቱን ጥግ ከላይ ሆኖ ይመለከታል እንጂ አይነካውም።

ብልህ መሪ በዚህ ምክንያት መጀመሪያ ወደ ጥልቁ ይወስድና እየቀለለ ወደ ላይ ያመጣል። ከአሸዋው ላይ የወደቀው የመርከቧ ጎን ጨለም ያለ ሰማያዊ ነው፤ ቀይ ቀለም ከሁሉ ቀድሞ ስለሚጠፋ፣ እዚያ ጥልቀት ላይ እጁን የቆረጠ ሰው ደሙን አረንጓዴ አድርጎ ያያል። መብራት ሲበራ ግን ብረቱን የለበሰው ኮራልና ስፖንጅ በድንገት ቀይና ብርቱካናማ ሆኖ ይወጣል። ከኋላ በኩል አንዱ ፕሮፔለር አሸዋ ውስጥ ተቀብሯል፤ ሌላው ወደ ላይ ተንጠልጥሎ በአጠገቡ የሚያልፈውን ሰው እንደ ሕፃን ያሳንሰዋል።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው የጭነት ክፍሉ ነው። በሰፊው በር ገብተው መብራት ሲያበሩ ቦምቦቹ ረድፍ በረድፍ ናቸው፤ ክንፋቸው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ አፍንጫቸው ወደ ሌላው። ክብደታቸው ከ15 እስከ 100 ኪሎ ነው። ተራራ ያህል ከረጢት መጋዘን ውስጥ የደረደረ ሰው የሚያውቀው ዓይነት ጥንቃቄ ይታይባቸዋል፤ ኔፕልስ ወይም ጄኖቫ ላይ አንድ የወደብ ሠራተኛ መርከቧ ስትናወጥ እንዳይንከባለሉ አስቦ የደረደራቸው ናቸው። ዲቶኔተሮቹ ስላልተገጠሙላቸው እስከ ዛሬ አልፈነዱም፤ አይነኩም፣ አይቆፈሩም። ሲሚንቶው ውሃ ገብቶበት የከረጢቱን ቅርጽ እንደያዘ ድንጋይ ሆኗል። በሌላ ክፍል ጠርሙሶች በክምር አሉ። ከዚያ ዝቅ ሲሉ ሦስቱ ፊያቶች እርስ በርስ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ ጎማቸው ሳይቀር ይታያል። ጎማ፣ ማርሽ፣ ፍሬቻ፣ ጎሚስታ፤ እነዚህ ቃላት እነዚያን ከመሰሉ የጣሊያን መኪኖች ጋር ወደ ቋንቋችን የገቡ ናቸው። ሦስቱ ግን በመንገድ ቀሩ።

መርከቧ በጎኗ ስለተኛች ግድግዳው ወለል፣ ወለሉ ግድግዳ ሆኗል። ደረጃዎቹ ወደ ጎን ይሄዳሉ። በወጥ ቤቱ ምድጃዎቹ አሁንም ቦታቸው ላይ ናቸው፤ ሞተር ክፍሉ ውስጥ መሰላሎቹና የመለኪያ ሰዓቶቹ የት እንዳሉ ለማወቅ ግን አንገት አዘንብሎ ማየት ያሻል። ወደ ውስጥ ለሚገባ ሰው ሕጉ የታወቀ ነው፤ አንድ ሦስተኛ አየር ለመግቢያ፣ አንድ ሦስተኛ ለመውጫ፣ አንድ ሦስተኛ ለክፉ ቀን። ገመድ ከመግቢያው አስሮ መዘርጋት ሳይረሳ። የተነፈሰው አረፋ ከላይ ያለውን ዝገት ያራግፋል፣ እግሩ ከታች ያለውን ደለል ይቀሰቅሳል፤ ባንድ አፍታ እጁን ማየት ይሳነዋል። ይህንን ስልጠና ያልወሰደ ጠላቂ ከውጪ ሆኖ ቢያይ ምንም አይቀርበትም። የመርከቧ የላይኛው ጎን ብርሃን ስለሚደርሰው በኮራል ተሸፍኗል፤ የመልአክ ዓሣና የቢራቢሮ ዓሣ መንጋ ከመስኮት ወደ መስኮት ሲዘዋወር ማየት ብቻውን ጉዞውን ይክሳል።

ጉዞው ሲባል በተለምዶ ሳምንት ያህል መርከብ ላይ እያደሩ የሚደረግ ነው። ፖርት ሱዳን ላይ ተሳፍሮ ኡምብሪያን፣ ቀጥሎ የመብራት ማማ ያለበትን የሳንጋነብ ሪፍ፣ ከዚያ ሻዕብ ሩሚን ያያሉ። ሻዕብ ሩሚ ፈረንሳዊው የባሕር አሳሽ ዣክ ኩስቶ በ1963 ሰዎች ባሕር ውስጥ እንዲኖሩ የሞከረበት ቦታ ነው፤ ስለዚያ ሙከራ የሠራው ፊልም ኦስካር አግኝቷል፤ ለሙከራው የተሠራው የውሃ ውስጥ ጋራዥ ቅርፊት አሁንም አለ። ሳንጋነብ በ2016 የዓለም ቅርስ ሆኗል። ወደ ሰሜን፣ ግብፅ ውሃ ላይ፣ ሲስልጎርም የምትባል የእንግሊዝ መርከብ አለች፤ በ1941 በጀርመን አውሮፕላን ተመትታ ሰዎች ሞተውባታል። የእሷ ዝና ይበልጣል፣ ሞተር ብስክሌትና የጭነት መኪና ስለያዘች። ዝናው ግን ጎድቷታል፤ ጎብኚው በመብዛቱ ጀልባዎች ገመዳቸውን ከላይዋ ላይ እያሰሩ ቀጥቅጠዋታል፣ ጠላቂዎችም ተሸክመው ሊወጡ የቻሉትን ሰርቀዋታል። እኔን ጠይቁኝ ካላችሁ ኡምብሪያ ትሻላለች፤ ከአንድ ቀን አደጋ ይልቅ የአንድ ዘመን ዕቅድ እንደተጻፈ ስላስቀመጠች።

ሚያዝያ 2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ መንግሥቱ ወደ ፖርት ሱዳን ተዛወረ፤ በግንቦት 2025 ድሮኖች የከተማውን አየር ማረፊያ መቱ። የጠላቂዎች ጉዞም እንደ ድሮው አይደለም። ቦምቦቹ ተኝተው ካሉበት ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ያን ጊዜ የፈነዱት ሌሎች ነበሩ።

ለሚመጣው ዘመን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የዩኔስኮ የ2001 ስምምነት የውሃ ውስጥ ቅርስ ብሎ የሚቆጥረው ቢያንስ 100 ዓመት ውሃ ውስጥ የቆየን ነገር ነው። ኡምብሪያ ውሃ ውስጥ መቶ ዓመት የምትሞላው ሰኔ 3 ቀን 2032 ዓ.ም. ነው።